ላንጋኖ ቦውል ይቋቋምልን



አገራችን በእግር ኳስ ወደ ኋላ ቀርታለች እያሉ የሚያሟርቱ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። አሜሪካኖች ከመቶ ዓመት በላይ የደከሙበትን ጥበብ እኛ በጥቂት ዓመታት እንደደረስንበት ለማስረዳት፣ አያይዤም ስለ ላንጋኖ አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ጥበቡ ቦውል ይባላል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ውድድር (ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን፣ ተጫዋቹ የራስ ቁር የሚደፋበትን ማለቴ ነው) በኅዳር መጨረሻ ያበቃል። ያበቃል ሲባል ግን አያበቃም። የፈረንጅ ገና ሲቃረብ ቡድኖች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጠሩና፣ ብዙውን ጊዜ የሁለቱም ደጋፊ በማይኖርበት፣ ፀሐይ በማይጠፋበት፣ ሆቴል በበዛበት ከተማ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1902 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሳዴና ላይ ተደረገ። የከተማዋ ሰዎች በየዓመቱ የአበባ ሰልፍ ያዘጋጁ ነበርና ለሰልፉ ተመልካችም ገንዘብም ፈለጉ። ሚሺጋን ስታንፎርድን 49 ለ 0 ሲቀጠቅጠው፣ ስታንፎርዶች ስምንት ደቂቃ እየቀራቸው «በቃን» ብለው ወጡ። አዘጋጆቹ አልተጨነቁም። ኳሱን ትተው ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ሲያሽቀዳድሙ ከረሙ፤ ወደ ኳሱ የተመለሱት እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። ኳስም ቢሆን ሠረገላም ቢሆን ልዩነት የለውም፤ ዋናው የሆቴሉ አልጋ መያዙ ነው።

ዛሬ ከ40 በላይ ቦውል አለ። ከ12 ጨዋታ 6ቱን ያሸነፈ ቡድን ለግብዣ ይበቃል። እኛ ዘንድ ከመቶ ሃምሳ ያመጣ ልጅ ወረቀቱን አባቱ ፊት ለማውጣት ይሳቀቃል፤ እዚያ ግን ፍሎሪዳ ወስደው ያዝናኑታል።

ቦውሉ የሚጠራው በስፖንሰሩ ስም ነው። የማዮኔዝ ቦውል አለ፤ የድንች ቦውልም አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የሳውዝ ካሮላይናው አሰልጣኝ ሼን ቢመር የማዮኔዙን ቦውል ሲያሸንፉ፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው ባልዲ ሙሉ ማዮኔዝ አናታቸው ላይ ደፉባቸው። ባልዲውም ሳይቀር መታቸው። ይህ እንግዲህ ለአሸናፊ የሚሰጥ ክብር ነው።

ከሁሉ የበለጠው ግን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 2023 ኦርላንዶ ላይ የታየው ነው። ስፖንሰሩ ፖፕ ታርትስ የተባለ ጣፋጭ ብስኩት ነበር። ሰው የሚያህል፣ እጅና እግር ያለው፣ ጥርሱን የማይከድን ብስኩት ሜዳ ዳር ሲጨፍር አመሸ። ካንሳስ ስቴት ኖርዝ ካሮላይና ስቴትን 28 ለ 19 አሸንፎ ጨዋታው ሲያልቅ፣ ብስኩቱ አንድ ትልቅ የዳቦ መጥበሻ አናት ላይ ወጣ። ሕልም እውን እንደሚሆን የሚያበስር ጽሑፍ በእጁ ከፍ አድርጎ፣ ሙዚቃ እየተዘፈነለት፣ ቀስ እያለ ወደ መጥበሻው ገባ። ከታች በኩል የተጋገረው ወጣ። ፈገግታው እንዳለ ነው። ተጫዋቾቹ ተሻምተው በሉት።

ሁሉም ለዚህ ክብር አይታደልም። ክርስቲያን ማካፍሪና ሊዮናርድ ፎርኔት የተባሉ ተጫዋቾች እ.ኤ.አ. በ2016 «እግራችንን ለደመወዝተኛው ሊግ እናቆየው» ብለው ከቦውል ከቀሩ ወዲህ ኮከቦቹ መቅረት ልማድ አድርገውታል። ፍሎሪዳ ስቴት እ.ኤ.አ. በ2023 ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፍ ቆይቶ፣ ብዙዎቹ ተጫዋቾቹ ጥለውት ኦሬንጅ ቦውል ላይ በጆርጂያ 63 ለ 3 ተረታ። ጨዋታው በቴሌቪዥን ተላልፏል፤ ስለዚህ ምንም አልጎደለም።

አሁን ወደ ራሳችን። ኮሮና መጣ፤ የደጋፊዎች ጠብና የጸጥታ ነገር ቀድሞም ነበር፤ የካሜራ መኪና ደግሞ በየከተማው መንከራተት አይወድም። እናም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በሙሉ በጥቂት የተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ ይጫወታሉ። ዲኤስቲቪም ማስተላለፍ ጀመረ። ሊጉም ለአንድ ሰሞን የውርርድ ድርጅት ስም አስቀድሞ «ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ተብሎ ነበር። ማዮኔዝ ባይደፋብንም ጅምሩ ያማረ ነው።

ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው በዚያው በ2013 ነው፤ ጎንደር ላይ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት። አሜሪካኖች ቢሰሙ በቅናት ያብዳሉ። እነሱ ደጋፊውን የሚያርቁት በዓመት ለአንድ ቀን ነው፤ እኛ ዓመቱን በሙሉ።

ከዚያ ወዲህ ተራው ለአዳማም ደረሰ፤ ሜዳው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። እዚህም አሜሪካኖችን በልጠናል። የእነሱ ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲያቸው ሜዳ ወጥተው ሌላ ከተማ ይጫወታሉ፤ እኛ የዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ ተማሪ ያልሆነውን ሁሉ እናጫውታለን። የሆሳዕናው ቡድን የአርባ ምንጩን በአዳማ «ያስተናግዳል»። በሳምንቱ እንግዳ ይሆናል፤ እዚያው ሜዳ፣ እዚያው መልበሻ ክፍል፣ ምናልባትም እዚያው ሆቴል አልጋ። በቴሌቪዥን ስታዩት ደግሞ ድምፁ ደስ ይላል። የሚጮህ ሕዝብ ስለሌለ አሰልጣኙ ተከላካዩን በስሙ ጠርቶ ሲሰድበው ቃል በቃል ይሰማል። ቆሎ ሻጭ፣ ስካርፍ አዟሪ፣ አጥር የሚዘል ጎረምሳ አይረብሽም።

ዋልያዎቹም ከዚህ ጸጋ አልቀሩም። ካፍ ስታዲየሞቻችንን ከደረጃ በታች ናቸው ብሎ ሲያግድ፣ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን «በሜዳችን» የተቀበልነው ጆሃንስበርግ ነው። የስታዲየሙ ስም? ኦርላንዶ። የጎደለው ብስኩቱ ብቻ ነበር። ሰኔ 2014 ላይ ግብጽን 2 ለ 0 የረታንበት ያ ታላቅ የሜዳችን ድል ደግሞ የተገኘው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። የማላዊ ሰዎች እግዜር ይስጣቸው፣ እልል ብለውልናል።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፤ ላንጋኖ ቦውል ይቋቋምልን። ላንጋኖ ያልተሟላለት ነገር የለም። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውኃው ቡኒ ቢሆንም ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ይዋኝበታል፤ ከበቀለ ሞላ ሆቴል ጀምሮ አልጋ ሞልቷል። ሐይቁ ዳር የሊግ ክለብ የለም፤ ስለዚህ ደጋፊ ነኝ ብሎ የሚያስቸግር አይኖርም። ስታዲየምም የለውም፤ ስለዚህ ካፍ የሚያግደው ነገር የለም።

ስፖንሰሩን የመቂ ቲማቲም አምራቾች ቢይዙት ይመረጣል። አንድ ግዙፍ ቲማቲም ሜዳ ዳር ሲጨፍር ይቆይና በመጨረሻ ድስት ውስጥ ይወርዳል፤ ከታች ሥልስ ሆኖ ይወጣል። አሸናፊው አሰልጣኝ ላይ የሚደፋውም እሱው ይሁን። ቦውል የሚውለው ጾመ ነቢያት ላይ ስለሆነ እንቁላል ያለበት ማዮኔዝ አይሆንም። መጀመሪያ የዝዋይ ዓሣ ጉላሽ አስቤ ነበር፤ ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ተነስቶ ጨዋታውን እንዳያቋርጥ ብዬ ተውኩት።

የዝግጅት ኮሚቴው ለዎርክሾፕ አይቸገርም። የላንጋኖውን ለማቀድ አዳማ፣ የአዳማውን ለመገምገም ላንጋኖ እየሄደ ይሰበሰባል። አበሉን ማን ይከፍላል ለሚል፣ መልሱ ዛሬም ያለ ነው። ክለቦቻችን በአብዛኛው የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። የሆሳዕና ነጋዴ ግብር ይከፍላል፤ ገንዘቡ አዳማና ሐዋሳ ሄዶ የሆቴል ሒሳብ ይዘጋል፤ ነጋዴው ቡድኑን ማየት ሲፈልግ ለዲሽ እንደገና ይከፍላል። አሜሪካ ውስጥ የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ለፊየስታ ቦውል ከ17,000 በላይ ትኬት ለመሸጥ ተዋውሎ፣ አብዛኛው ሳይሸጥለት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ያን ጊዜ ቢያንስ ጋዜጣው ጮኋል።

ቦውሉ አይሆንም ከተባለ ግን ሁለተኛ ምርጫ አለኝ። የፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር የክለቦቹ የራሳቸው ንብረት ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤ የሚጽፉለት ባዕድ የለም። ለመጪው ዓመት ተሰብስበው መርሐ ግብር ሲያወጡ፣ ጸጥታው የሚፈቅድላቸው ክለቦች ከሁለቱ ዙር አንዱን እንኳ በየከተማቸው ይጫወቱ። ካሜራው ካልደረሰ ይቅር፤ የአርባ ምንጭ ሰው የአርባ ምንጭን ጨዋታ በዓይኑ ያያል።