ሰበታ አራት ኤ ትፈጃለች

ኪቦርድ ላይ ስንት ቁልፍ እንዳለ ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አንዷ ስትጎድል ግን ሁሉም ያውቃታል። የእኔዋ ኤ ነበረች፤ ከግራ እጅ ትንሿ ጣት ሥር የምትውለው፣ ከሁሉም አብዝታ የምትደበደበው። ቪን ብትመለከቷት እንደ አዲስ ታበራለች፤ ቪዛና ቪላ የሚያስጽፍ ሰው ካልመጣ ማን ይነካታል? የሚሠራው ያልቃል፣ የማይሠራው ያምራል። መሥሪያ ቤት የዋለ ሰው ይህን አያጣውም።

ኑሮዬ ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ዲግሪ ላሚኔት አደርጋለሁ። ደንበኞቼ ግማሾቹ በአማርኛ፣ ግማሾቹ በአፋን ኦሮሞ ያስጽፋሉ፤ ኤ ከሌለች ደግሞ ሁለቱም የሉም። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በይፋ የሚጻፈው በቁቤ ነው፤ ቁቤ ድምፅ ሲረዝም አናባቢውን ይደግማል። ቡራዩ ሁለት ኤ ትጠይቃለች። ሱሉልታም ሁለት። ሰበታ ግን አራት ትፈጃለች። አንድ ገበሬ መጥተው ሰበታ ስላለው የመሬት ክርክራቸው ጻፍልኝ ሲሉኝ፣ ክርክሩን ሳይሆን የከተማዋን ስም ፈራሁ።

የአማርኛው ይብሳል። አብዛኞቻችን በላቲን ፊደል ድምፁን እየነካን ነው የምንጽፈው፤ ኤል ሲነካ ል ይመጣል፣ ኤ ስትከተለው ላ ይሆናል። ስለዚህ ኤ ሞተች ማለት ራብዕ በሙሉ ሞተ ማለት ነው። ማመልከቻዬ ሁሉ «ለቡርዩ ከተም ስተድደር» እያለ ይጀምር ጀመር። እኔን የገረመኝ የጠፋው ሳይሆን የተረፈው ነው። ግብር በደህና ይጻፋል። ብድር ይጻፋል። ችግር፣ ክስ፣ ክርክር አንድም አልተነኩም። ዋስትና ግን «ውስትን» ሆኖ ቀረ።

ኢንጂነር አያና ብሩ ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ፊደላችንን ለላቲን በተሠራ የጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር ስንት እንደለፉ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ለፍተው በ1999 እ.አ.አ. የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ሁሉም ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጠው። ዊንዶውስ ቪስታ ሲመጣ ደግሞ ኒያላ የሚባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞልን መጣ። ይህ ሁሉ ትውልድ ተረባርቦ ያስገባውን ፊደል አንዲት ከቁልፍ ሥር ያለች ላስቲክ ታስቀረው?

ላፕቶፔን ወደ ጥገና ቤት ወሰድኩት። በአገራችን ኮምፒውተር ይዛችሁ ጥገና ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚታዘዝላችሁ ፎርማት ነው። ስክሪኑ ቢሰነጠቅ፣ ፎርማት። ቻርጀሩ ቢቃጠል፣ ፎርማት። «ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል» አለኝ ልጁ፣ ኤዋን በጥፍሩ እየቆነጠጠ። ሌላኛው ጠጋኝ የተሻለ ሰው ነበር። ቁልፏን ነቅሎ አሳየኝ፦ ከላይ እንደ መቀስ የተቆላለፈ ስስ ፕላስቲክ፣ ከሱ ሥር የላስቲክ ጉብታ፣ ከጉብታው ሥር ደግሞ መስመር የተሳለባቸው ተደራራቢ ሉሆች። ስትጫን ጉብታው ይሰምጣል፣ ሁለቱ መስመሮች ይነካካሉ፣ ፊደል ይወለዳል። በስፒሪት ጠረገው፣ ሠራ። ሲመሽ ደግሞ ተወው። በድሮው የጽሕፈት መኪና ቢሆን የተጣመመውን ክንድ በፒንሳ አቅንቶ ይመልስልህ ነበር፤ የላፕቶፕ ግን አንድ ፊደል ሲሞት ቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚቀየረው።

መሣሪያው ገና ዓመት አልሞላውም፤ ታሽጎ ነው የገዛሁት። ስለዚህ ደረሰኜን ይዤ ወደ ሸጠልኝ ሱቅ ሄድኩ። ደረሰኙ ጀርባ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚል ማኅተም አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በበኩሉ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ይናገራል። አዋጁን ጠቀስኩለት። ሻጩ ልጅ አልተቆጣም፤ እንዲያውም በአዘኔታ ነው ያየኝ።

«ጋሼ፣ እኛ አልሠራነውም እኮ። የሠራውን ይጠይቁ።»

የሠራውን ጠየቅሁ። የሠራው ድርጅት በኢንተርኔት ነው የሚገኘው፤ መጀመሪያ የሚጠይቅህም አገርህን ነው። ዝርዝሩን ወረድኩ። ኢስቶኒያ አለች። ከእሷ ቀጥሎ ፊንላንድ። ሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ እያልን የምንፎክርበት ቦታ ላይ ሁለቱ አገሮች ተጎራብተው ተቀምጠዋል። «ሌላ» የሚለውን መረጥኩና አንድ ትሑት ሰው በጽሑፍ አነጋገረኝ። ትሕትናው ለከት የለውም፤ በየመስመሩ ይቅርታ ይጠይቃል። የመለያ ቁጥሩን ስሰጠው ማሽኑ ለመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ የተሸጠ መሆኑን ነገረኝ። ይህን እንኳ ያለ እሱም አውቀዋለሁ፤ ቁልፎቹ ላይ ከላቲኑ ጎን አረብኛ ታትሞባቸዋል። ስለዚህ ዱባይ ወስደው ቢያስጠግኑት አለኝ። ዱባይ የምሄድ ቢሆን ኖሮ፣ ወንድሜ፣ ማመልከቻ እጽፍ ነበር?

በመጨረሻ ኪቦርዱን ብቻ ይልኩልኝ እንደሁ ጠየቅሁት። እምቢ አላለም፤ «አድራሻዎን ይስጡኝ» አለ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ተብለዋል። ሸገር ደግሞ ከዚያ በፊትም የአዲስ አበባ የቁልምጫ ስም ነበር። እንግዲህ እኔ ሸገር እኖራለሁ፣ ሸገር ግን አልኖርም፤ ይህን በእንግሊዝኛ አስረዱልኝ። ሰውየው ሸገር ብሎ ፈልጎ ሬዲዮ ጣቢያ አገኘልኝ። የመንገድ ስም ሲጠይቀኝ የአምቦ መንገድ አልኩት፤ አምቦ ከእኔ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ እሱ ነው ያስተዋለው። የቤት ቁጥር «አዲስ» ነው፣ ፖስታ ሣጥን የለኝም። አማራጭ ሳጣ እንደምናውቀው ጻፍኩለት፦ ከአሸዋ ሜዳ ታክሲ ማቆሚያ ወረድ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ታጥፎ፣ ሰማያዊ በር። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና የወፍጮ ቤቱን ፖስታ ኮድ ጠየቀኝ። በማግስቱ «ጉዳይዎ መፍትሔ አግኝቶ ተዘግቷል» የሚል መልእክት ደረሰኝ።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርጋል ብዬ ሳነብ የአፕልን ታሪክ አገኘሁ። የኔ ማሽን የእሱ አይደለም፤ ነገሩ ግን ልብ ይነካል። ድርጅቱ ከ2015 እ.አ.አ. ጀምሮ ላፕቶፑን ለማሳሳት ብሎ «ቢራቢሮ» የሚሉትን ስስ ኪቦርድ አስገባ፤ ቢራቢሮዋ አቧራ ስትቀምስ ትታመም ጀመር። አቧራ! ያንን ኪቦርድ በበጋ አሸዋ ሜዳ አምጥተው ቢሞክሩት ኖሮ ስንት ወጪ በቀረላቸው። በ2018 በነጻ የመጠገን ፕሮግራም አወጁ። በመጋቢት 2019 ላይ የዎል ስትሪት ጆርናል ዓምደኛዋ ጆአና ስተርን ጽሑፏን ኢ እና አር ጎድለውበት አሳተመችው፤ ድርጅቱም ይቅርታ ጠየቀ። በ2022 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ክሱን በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማ፤ እስከ 395 ዶላር የሚደርሰው ሰው ነበር። ሴትዮዋ ሁለት ፊደል ጎድሎባት ይቅርታ ደረሳት። እኔ ራብዕን በሙሉ፣ ከነቁቤው፣ አጥቼ የደረሰኝ «ተዘግቷል» ነው።

እስከዚያው ሥራ አይቆምም። አንዲት ኤ ከድሮ ሰነድ ገልብጬ በየቦታው መለጠፍ ጀመርኩ። አፋን ኦሮሞው በዚህ ተገፋ። አማርኛው ግን የተለጠፈች ኤ አይቀበልም፤ ከል አጠገብ ባዳ ሆና ትቀመጣለች እንጂ ላ አትሆንም። ውጪ የሚሰካ ኪቦርድ ገዝተህ አትገላገልም ወይ የምትሉኝ አላችሁ። የኔ ጠረጴዛ ፎቶ ኮፒው፣ ላሚኔሽኑና የደንበኛ ክርን ከያዙት በኋላ የሚተርፈው ቦታ ለማኅተም መርገጫም አይበቃም።

ሱሉልታ ያለው የአጎቴ ልጅ ኮምፒውተር ይችላል ሲባል ወደዚያ ተነሳሁ። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በካርታ ላይ አዲስ አበባን ከበው እጅ ለእጅ የተያያዙ ይመስላሉ። በታክሲ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው መሄጃው በአዲስ አበባ ሆድ ውስጥ ነው፤ በአስኮ ገብተህ በአዲሱ ገበያ ትወጣለህ። ከዚያ የእንጦጦን ጀርባ ስትሻገር ብርዱ ይቀበልሃል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሯጮቹ በቡድን በቡድን ሆነው ይሮጣሉ፤ ታክሲያችን ዳገቱ ላይ ሲያጣጥር አንዲት ልጅ በመስኮት እያየችን አለፈችን።

የአጎቴ ልጅ ፎርማት አላለም። ያኔ ነው ያመንኩት። «ጋሼ፣ ካፕስ ሎክ ምን ይሠራልሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። አሰብኩ። ሰው ላይ የሚጮህ ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር ሥራ የለውም። ልጁ በአንድ ትንሽ ፕሮግራም ካፕስ ሎክን ከሥልጣኑ አውርዶ ኤ አደረገው። ጎረቤቷ ስለሆነ ጣቴ ብዙ አልተንከራተተም። ራብዕ ከነክብሩ ተመለሰ። ሰበታን በአራቱም ኤ ጻፍኳትና ልጁን አሳየሁት።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ሰበታ ያለችው እህቴ ግን ቀደም ብላ ለባሏ ነግራው ኖሯል። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ ይመላለሳል። ባቡሩ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ሰበታን ከጅቡቲ ያገናኛል ቢባልም፣ የእህቴ ሠፈር ሰው ዕቃ አምኖ የሚሰጠው ለሾፌር ነው። የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ጽፋ ሰጥታው፣ እሱም ታማኝ ሰው ነውና ቁጥሩን ለጅቡቲ ነጋዴ አሳይቶ ኦሪጅናል፣ አዲስ፣ ከነላስቲኩ ኪቦርድ ገዝቶልኝ መጣ። ልኩ ገጠመ። ሰበታ ዓለም ገና ያለ ጠጋኝ ብሎኖቹን ፈቶ፣ ሪባኑን ሰክቶ፣ አስገባልኝ። ሁሉም ቁልፍ ይሠራል።

ጅቡቲ ግን በፈረንሳይኛ ነው የምትጽፈው። የፈረንሳይ ኪቦርድ ላይ ኤ እና ኪው ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የላይኛውን ጽሑፍ አያነብም፣ የሚያውቀው ቦታውን ነው። ስለዚህ ኤ የሚል የታተመባትን ስነካ ቅ ትመጣለች። ኪው የሚል የታተመባትን ስነካ ኤ ትመጣለች። የሱሉልታው ልጅ የሾመው ካፕስ ሎክም ሥልጣኑን አልለቀቀም፣ እሱም ኤ ይጽፋል። አንዲት ኤ አጥቼ ስንከራተት የነበርኩ ሰው አሁን ሁለት አሉኝ፤ አንዳቸውም ላይ ግን ኤ ተብሎ አልተጻፈም።

እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ይህን በምሬት ስናገር ጎረቤታቸው መምህሩ ነበሩ። ዓይነ ስውር ናቸው፤ የተማሩት እዚያው ሰበታ መርሃ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው፣ ፊደል ሁሉ ከስድስት ቁልፍ በሚወለድበት የብሬል መኪና። «እስቲ አምጣው» አሉኝ። ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። በሁለት ጣታቸው ኤፍ እና ጄ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች ፈለጉና አገኙ፤ እነዚህ በፈረንሳዩም ቦታቸውን አልቀየሩም። ከዚያ ጣታቸው ሮጠ። አንድ አንቀጽ ጽፈው አስነበቡኝ፤ አንድም ራብዕ አልጎደለም።

«ኪቦርዱ ምን ሆነ ነው የምትለው?» አሉኝ።

ኤ የት እንደተጻፈች ላስረዳቸው ጀመርኩና ተውኩት። እህቴ እየሳቀች ሁለተኛውን ቀዳች። በኋላ ቁልፎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ ትክክለኛውን ፊደል ጽፌባቸው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ላቡ አጠፋው።

የእህቴ ባል በነገሩ አፍሮ «በሚቀጥለው ጉዞ እቀይርልሃለሁ፣ ነጋዴው ደንበኛዬ ነው» አለኝ። እህቴ በዚያው የእንፋሎት ካውያ አዘዘችው፣ ልጇ የስልክ ቻርጀር። ለእኔ፣ በእናትህ፣ ምንም እንዳታመጣ አልኩት። እሱም ተስማማና ያለፈውን ሂሳብ በፍራንክ ጠየቀኝ፤ የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.አ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177 ከምናምን ላይ ተቸንክሮ ቆሟል፣ ብር ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በየቀኑ ሌላ ነው፣ በብር ብትከፍለኝ እኔ ነኝ የምጎዳው እያለ።