ውሮ ብለው የማይጠሯት ድመት

ሰቆጣ ላይ ድመት የምትያዘው ለሥራ ነው። የአክስቴ ግቢ ከከተማው ዳር ስለሆነ ከማሳው የሚመጣውም ከጎረቤት የሚሻገረውም አይጥ ማረፊያው እሷ ቤት ነው። ጤፉና ማሽላው በጎታ፣ ባቄላው በጆንያ እንዳለ ሌሊቱን ሲቆረጠም ያድራል። የድሮዋ ዝንጉርጉር ድመት የሞተችባት በመርዝ ነበር፤ ጎረቤት ያስቀመጠውን መርዝ አይጡ በላ፣ አይጡን እሷ በላች። ከዚያ ወዲህ አክስቴ በደወለች ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ነገር አንድ ሆነ። «እንዲያው አንተ ልጅ፣ አዲስ አበባን በሚያህል ከተማ አንዲት ድመት ትጥፋ?»

አልጠፋችም። የአንዲት ባልደረባዬ ድመት ወልዳ ነበርና ከግልገሎቹ አንዷን መርቃ ሰጠችኝ። ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ጫፍ ነጭ፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ሰማያዊ። «ተራ ድመት እንዳትመስልህ፤ ብርቅ ዝርያ ናት» አለችኝ ስትሰጠኝ።

ይህ «ብርቅ ዝርያ» የሚባል ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ነጭ ሆነው የሚራቡ ዝርያዎች መኖራቸው እውነት ነው። ታይላንድ ውስጥ ካኦ ማኒ የምትባል አጭር ፀጉር ያላት ነጭ ድመት አለች፤ ዓይኗ ሰማያዊ ወይም ወርቃማ፣ አንዳንዴም አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ነው፤ ከአገሯ ውጭ በብዛት አትገኝም። የቱርኮቹ ረጅም ፀጉር ነጭ አንጎራም እየተመናመነች በመሄዷ የአንካራ መካነ አራዊት ለብቻዋ ያራባት ነበር። የእኛዋ ግን የማንም ዝርያ አይደለችም፤ እናቷ ከጎረቤት ቆርቆሮ ላይ የምትውል የሰፈር ድመት ናት። ነጭነቷን ያመጣው ኪት የሚባል አንድ ዘረመል ነው። እሱ በማንኛዋም ድመት ላይ ሊከሰት ይችላል፤ ከታይላንድ ቤተ መንግሥት ትምጣ ከጉለሌ፣ የሚያስከትለውም ጣጣ አንድ ነው። ያንን ጣጣ የተማርነው መንገድ ላይ ነበር።

ክዳን ባለው ዘንቢል ውስጥ ጨርቅ አንጥፌ አስተኛኋትና ከአዲስ አበባ ተነሳን፤ ከወልድያ ደግሞ በላሊበላ በኩል ወደ ሰቆጣ በሚሄድ አባዱላ ተሳፈርን። የሞተሩ ጩኸት፣ የሙዚቃው ጩኸት፣ የጎማው ጩኸት ቅንጣት አላስደነገጣትም። «ምን ያለች ጨዋ ድመት ናት!» እየተባለች መጣች። ቢልባላን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጎማ ፈነዳ። ወንዶቹ ጎማ ሲቀይሩ አንድ ሕፃን ዘንቢሉን ከፍቶ ኖሮ ዞር ብል ድመቷ የለችም።

ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ደግ አገር ነው። ሰው ሁሉ ጉዞውን ትቶ ፍለጋ ወጣ። ቄሱ «ውሮ! ውሮ!»፣ ልጅ ያዘለችው እናት «ውሮዬ! ነይ!»፣ ረዳቱ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሆኖ ያፏጫል። ገደሉ ድምፃችንን መልሶ ይልክልናል፣ ድመቷ ግን የለችም። በመጨረሻ ሾፌሩ ጥሩምባውን ለረጅም ጊዜ ነፋው። ይሄኔ አንድ አዛውንት በከዘራቸው ወደ መንገዱ ዳር ጠቆሙ። ከቆምንበት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ተጋድማለች። ሁላችንም ከአጠገቧ ሆነን ነበር የምንጮኸው።

«ጥሩምባው ሲነፋ ጆሮዋን አይቻት ነበር» አሉ አዛውንቱ። «የሚሰማ ጆሮ ይዞራል፤ ከብትም ቢሆን፣ ፍየልም ቢሆን። የሷ ንቅንቅ አላለም። ልጄ፣ ይቺ ድመት አትሰማም።»

ዕድሜያቸውን በከብትና በፍየል መሀል ያሳለፉት ሰው ያዩት ነገር ትክክል ነበር። ቻርልስ ዳርዊንም ነጭ ሆነው ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ድመቶች አብዛኛውን ጊዜ እንደማይሰሙ በዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፉ የኋለኞቹ እትሞች ላይ ጠቅሶታል። ምክንያቱ ኋላ ላይ ታወቀ። ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ጽንሱ ሲያድግ ከጀርባው መስመር ተነስተው ወደ መላው አካል ይሰራጫሉ፤ በነጯ ድመት ግን ጉዟቸው ይጨናገፋል። እነዚሁ ሕዋሳት በውስጠኛው ጆሮም ሥራ አላቸው። እነሱ ሳይደርሱ ሲቀሩ ለመስማት የሚያስፈልገውን ፈሳሽ የሚጠብቀው ሽፋን ይጠወልግና ግልገሏ በተወለደች በሳምንታት ውስጥ መስማት ታቆማለች። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሰማያዊ ከሆኑ ነጭ ድመቶች ከ65 እስከ 85 በመቶው አይሰሙም። አንዱ ዓይን ብቻ ሰማያዊ ሲሆን ወደ 40 በመቶ ይወርዳል፤ ሰማያዊ ዓይን የሌላቸው ነጮች ላይ ደግሞ ከ17 እስከ 22 በመቶ ነው። ግልገል ድመት ሁሉ ስትወለድ ዓይኗ ሰማያዊ ስለሆነ ግን ሁለት ወር ገደማ ሳይሞላት በዓይኗ መፍረድ አይቻልም።

ዘንቢሉን ጭኔ ላይ አድርጌ የቀረውን መንገድ ስጓዝ የታሪክ ነገር ትዝ አለኝ። ዓለም በአገራችን ስም የሚጠራት ድመት አለች፤ አቢሲኒያን ይሏታል። ቀይ ቡኒ ናት፣ እያንዳንዱ የፀጉሯ ዘለላ ጠቆር ቀላ ያለ ቀለም የተፈራረቀበት። እንግሊዞቹ እንደሚሉት የመጀመሪያዋ፣ ዙላ የተባለችው፣ ከመቅደላው ዘመቻ መልስ ወደ እንግሊዝ የተወሰደች ናት። ያ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከዙላ ወደብ ተነስቶ፣ አሸንጌን አልፎ ወደ መቅደላ የዘለቀው በዋግ ሹም ጎበዜ ግዛት በኩል ነው፤ እሳቸውም ኋላ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የዘረመል ጥናት ግን የዝርያዋን መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ያደርሰዋል። ስሟን ከእኛ ወስዳ ሥጋዋን ከሌላ አገር ያመጣች ድመት በዓለም ታዋቂ ስትሆን፣ የዋግን እህል ለዘመናት የጠበቁት ዝንጉርጉር ድመቶቻችን አንድም መዝገብ የላቸውም። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል።

አክስቴ ስታያት በቁንጅናዋ ተደስታ ወዲያው ወደ ዋናው ጉዳይ ገባች። «አትሰማም? አይጡን እንግዲህ በምን ታገኘዋለች?»

ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ጤነኛ ድመት ሰው ከሚሰማው ከሦስት እጥፍ በላይ የቀጠነ ድምፅ ትሰማለች፤ አይጦች እርስ በርስ የሚንጫጩበት ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው። የእኛዋ ይህን አታገኝም። ግን ጎታው ሥር ሆዷን ከመሬት አጣብቃ፣ የፊት መዳፎቿን ዘርግታ፣ ጢሟን ወደ ፊት ወድራ ስትጠብቅ አየናት። መዳፏ ንዝረት ይለያል፣ ዓይኗ በጨለማ ይሠራል። የመጀመሪያውን አይጥ ምድጃው አጠገብ ይዛ ስትመጣ አክስቴ እልል አለች፤ እልልታውን ባትሰማም።

ሌሊቱ ግን ከበደን። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ስትጮህ ልክ የላትም። አንድ ሌሊት ጎረቤታችን ዱላ ይዞ «ጋሼ፣ ምን ገባባችሁ?» እያለ አጥር ዘሎ መጣ። የምትጮኸው ብቻዋን ስትሆን ነበርና አክስቴ አልጋዋ ሥር አጎዛ አነጠፈችላት፤ ጩኸቱም በዚያው ቀረ።

አጠራሯንም ለመድን። ወለሉን ሁለት ጊዜ በተረከዝ መምታት ማለት «ነይ» ነው። ማታ አምፖሉን ቦግ እልም ማድረግ ደግሞ «እራት ደርሷል» ነው። ከኋላዋ መጥቶ ድንገት መንካት ክልክል ነው፤ ትደነግጣለች፣ ደንግጣም ትቧጭራለች። ይህን ለሰፈሩ ልጆች አንድ በአንድ ያስረዳቻቸው አክስቴ ናት፤ ልጆቹም ከትልልቆቹ በበለጠ ጠበቁት።

የገበያ ቀን ግን በሩ ተከፍቶ ተረሳ። ደርሼ ሳይ መንገዱ መሀል ተቀምጣ እግሯን ትልሳለች፣ ከላይ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ይወርዳል። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ድመቷ ትሸሻለች ብሎ ነው፣ ይፈረድበታል? አክስቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ በሁለት እጇ ዘርግታ መኪናው ፊት ቆመች። ፍሬኑ ሲጮህ ልቤ ቀጥ አለ። አክስቴ ጎንበስ ብላ ድመቷን አነሳችና ለሾፌሩ «አትሰማም፣ ልጄ፣ አትሰማም» ብላ አስረዳችው። እሱም ወርዶ ድመቷን አይቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሄደ። በሩ ላይ መወርወሪያ የተሠራው በዚያው ሳምንት ነው። የማትሰማ ድመት ውጭ መልቀቅ መኪናና ውሻ ፊት መጣል ነው፤ በዚህ ድርድር የለም።

ሌላው ፈተና ፀሐይ ነው። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ባትፋጅም ታቃጥላለች። የድመቷ ጆሮ ጫፍ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ እንደ መቅረፍ አለው፣ ኋላ ትንሽ ቅርፊት ያዘ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዘንድ ወሰድናት፤ ሥራው ከብት፣ በግና የአበርገሌ ፍየል ማከም የሆነ ወጣት ነው። ጆሮዋን በጣቶቹ ይዞ ብርሃን አሳልፎበት ረጋ ብሎ አየ። ነጭ ድመት ጆሮዋና አፍንጫዋ ላይ ከፀሐይ የሚከላከል ቀለም ስለሌላት ቃጠሎው ሲደጋገም ወደ ካንሰር ሊለወጥ እንደሚችል ነገረን። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ትዋል አለ። የሰው ቅባት እንዳንቀባት፣ ልሳው ልትመረዝ እንደምትችል፣ ቅርፊቱ ካልደረቀ ቶሎ እንድንመለስ አስጠነቀቀን። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባትም መከረን፤ ሦስት ወር ካለፋት ይበቃል አለ። ከብት ላይ የሚረጨው የመዥገር መድኃኒት አጠገቧ እንዳይደርስ፣ ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞልም ድመትን እንደሚገድል የሰማሁት ከእሱ ነው።

ምግቧ ላይ ደግሞ ከአክስቴ ጋር ተከራከርን። በእኛ ቤት ድመት የምትበላው የወጥ ትራፊ ነው፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ በርበሬው ሳይቆጠር። በሽሮ ፍትፍት ብቻም አትኖርም፤ ድመት ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጥረት ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋ ነው፣ ሲጎድልባት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። አይጥ የምትይዝ ድመት ይህን ከአይጡ ታገኛለች፤ ጎታው ሲጸዳ ግን ሌላ ሊሰጣት ይገባል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭንቅ ሆነ። ሉካንዳው ተዘጋ፣ አክስቴም በጾም ቤቷ ሥጋ እንዲሸት አትፈልግም። ነገሩን የፈቱት የንስሐ አባቷ ናቸው። «እትየ፣ ጾም የታዘዘው ለሰው ነው፤ እንስሳዋን በእኛ ጾም አታስርቢያት» አሏት። በዓመቱ አክስቴ ከቅበላ በፊት ጨውና በርበሬ ያልነካው ቋንጣ ሰቅላ አደረቀች፣ ለድመቷ ብቻ።

ይህን የሰማ አንድ ዘመዳችን ተቆጣ። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የገባውን ቃል በዚችው ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ እንደሰየመው አንስቶ፣ ልጅ በሚራብበት አገር ለድመት ቋንጣ ይሰቀላል ወይ አለን። ንግግሩ ከልቡ ነበር፣ እኔም ከልቤ መለስኩለት። በአይጥ የሚያልቀው፣ በሽንቱ የሚበከለው የዚያው የልጅ እህል ነው። ጎታውን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ የምትበላው ቋንጣ ደግሞ ከአንድ እፍኝ አይበልጥም። አክስቴ አልተከራከረችም፤ ጎታውን ከፍታ አሳየችው።

የሚያመክናት ባለሙያ ሳናገኝ የጎረቤቱ ዝንጉርጉር አውራ ቀደመን፤ ባትወልድ በተሻለ ነበር፣ መስማት አለመቻሉ ከነጭነቱ ጋር ስለሚተላለፍ። አራት ወለደች፤ ሁለቱ እንደ አባታቸው፣ ሁለቱ ነጭ። አክስቴ ሁለት ወር ጠብቃ ነጮቹን ከኋላቸው ድስት በማንኪያ እየመታች ፈተነቻቸው። አንደኛው ዞረ፣ ሌላዋ አልዞረችም። ዝንጉርጉሮቹን እህል ላላቸው ጎረቤቶች ሰጠች። የሚሰማውን ነጭ የንስሐ አባቷ ወሰዱት፤ መጻሕፍታቸውን አይጥ እየበላባቸው ነበር። የማትሰማዋን ግን ብዙ ሰው ለቁንጅናዋ ሲጠይቃት አልሰጥም ብላለች። ባለፈው ስትደውልልኝ አንድ ነጋዴ ደህና ገንዘብ ይዞ መምጣቱን ነገረችኝ።

«እና ምን አልሽው?»

«ግቢህ በር አለው ወይ? ጥላስ አለው ወይ? ሚስትህ ሽንኩርት የሌለበት ሥጋ ትቆርጥላታለች ወይ? አልኩት። ጠይቄ እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል።»