ኮርኒስ ውስጥ የገባው ንብ

በጎጃም ደጋ ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ንብ ይበዛል፤ ቀፎው ይጠበዋል። ያን ጊዜ አሮጌዋ ንግሥት ቤቱን ለልጇ ለቃ፣ ከሠራዊቱ እኩሌታውን አስከትላ ትወጣለች። ገጠር ከሆነ ተቀባይ አታጣም። የጮቄ ግርጌ ገበሬ ባዶ ቀፎውን በወይራና በጥንጁት አጥኖ፣ ታዛው ሥር ሰቅሎ ይጠብቃታል። ከተማ ከገባች ግን የምታገኘው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የግድግዳ ስንጥቅ ወይም የሱቅ ታፔላ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው የሚውል ኮርኒስ ለንብ የተመቸ ማደሪያ ነው።

የተከራየሁበት ግቢ መንገድ ዳር ነው፤ ፊቱ ሱቆች ናቸው። ንቡ የገባው እትዬ ከምንላቸው ሴትዮ ሱቅ ኮርኒስ ውስጥ ነበር። «ሲሳይ ገባልኝ» ብለው እልል አሉ፤ በእኛ አገር ንብ ቤት ሲገባ ደግ ነው። ከርሞ ከርሞ ማሩ መሽተት ጀመረ። ደንበኛው ግን ፈራ፤ አንድ ሕፃንም ግንባሩን ተነደፈ። ይህን የሰሙት አከራይ በጠራራ ፀሐይ አንድ ወጣት ፍሊት አስይዘው መጡ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይምሽና ንብ የሚያውቅ ሰው እንጥራ» ብለው እትዬ ለመኑ።

«ለዝንብ የሚሆን ለንብም ይሆናል» አሉና ልጁን መሰላል ላይ አወጡት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልረሳውም። ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ከነመርዝ ከረጢቱ ቆዳ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ ከእሱ የሚወጣው ሽታ ደግሞ የበሰለ ሙዝ የሚመስል ሲሆን ሌሎቹን ለጦርነት ይጠራል። አንዷ ስትነድፍ መቶዋ የምትከተለው ለዚህ ነው። ልጁ ከመሰላሉ ዘሎ አመለጠ፤ መንገደኛው ነጠላውን ተከናንቦ ሮጠ፤ ባለ ሱቆች በራቸውን ዘጉ። መሸሽ ያልቻለችው ከመብራት እንጨት ጋር የታሰረች፣ ከሰል የጫነች አህያ ብቻ ናት። ላብና ጥቁር ነገር ንብን ያስቆጣል፤ እሷ ሁለቱም ነበረባት። ከአንድ ባጃጅ ሹፌር ጋር ጋቢ ተከናንበን ሄደን ገመዱን በቢላ ቆረጥነው። ሆኖም አንገቷና አፍንጫዋ በመንደፊያ ተሸፍኖ ነበርና ማታውን ሞተች። ባለቤቷ፣ ከገጠር የመጣ ጎልማሳ ገበሬ፣ ጭነቱን አውርዶ አጠገቧ ቁጭ አለ። አከራዩ ዋጋዋን ከፍለውታል። እኔም ዓይኔ አብጦ ተከድኖ ሰነበተ። መንደፊያው መርዙን መርጨት ስለማያቆም በጥፍር ፈጥኖ ፍቆ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ደግሞ ጊዜ ሳይሰጡት ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው።

ሲመሽ ከከተማው ዳር አንድ ሽማግሌ ንብ አናቢ ተጠርተው መጡ። መሰላሉን ሳይነኩ አስቀድመው «ይህን ንብ ተከትሎ የመጣ ባለቤት አለ?» ብለው ጠየቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን ነገር አልዘለለውም፤ ያመለጠ ንብ ባለቤት የሌለው የሚሆነው ባለቤቱ ሳይፈልገው ሲቀር ወይም ፍለጋውን ትቶ ከአንድ ወር በላይ ሲያልፍ ነው። ፈላጊ እንዳልመጣ ሲሰሙ ኩበት አያይዘው ጭሱን ቀስ እያሉ ሰደዱበት፤ የኮርኒሱን ጣውላ አነሡ፤ እንጀራውን አንድ በአንድ ቆርጠው አወረዱ። ከጥግ ፍሊቱ ያልደረሰው ጭፍራ ተጠጋግቶ ነበር። ንግሥቲቱን ከመካከል በሁለት ጣታቸው አንሥተው በተሰነጠቀ ሸምበቆ ውስጥ አስገቧት፤ ሸምበቆውን ቀፎ ውስጥ አሰሩት። የተረፈው ንብ እየተራመደ ተከትሏት ገባ። አንድም ሰው አልተነደፈም። የሞተውን እትዬ በመጥረጊያ ሰብስበው ሲሰፍሩት ግማሽ ቁና ወጣው።

ማሩ ወፍራም፣ የአደይ ማር ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሳህን ይዘው መጡ። ሽማግሌው «ይህ መርዝ ነው፣ ልጆቼ» ብለው መለሷቸውና ጉድጓድ አስቆፍረው ከነሰሙ ቀበሩት። ጥልቅ አድርገው ያስቆፈሩበትን ምክንያት ስጠይቃቸው፣ ላይ ላዩን ከተተወ የጎረቤት ንብ ሊዘርፈው መጥቶ እንደሚያልቅ ነገሩኝ። እትዬ አፈሩ ሲመለስ አለቀሱ።

ከገጠር የሚመጡ ንብ አናቢዎች ማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ንባቸውን እንደሚጨርሰው ያማርራሉ። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ናት፤ ገጠሩ ላይ በኬሚካል የሚያልቀው ሳያንስ ከተማ የገባውንም በፍሊት መጨረስ ግፍ ነው። ቤትና ሱቅ የምታከራዩ ሁሉ፣ ንብ ከገባባችሁ በቀን አትንኩት፤ እሳትና ፍሊት አታስጠጉ። ልጆችንና የታሰሩ ከብቶችን አርቁ፣ ለንብ አናቢ ወይም ለወረዳው የእንስሳት ሀብት ባለሙያ ንገሩ፣ እስኪመሽም ታገሡ።