ሰባት ቤት የማይቆጠርበት ግቢ

ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የስንቱ ፍቅረኛ መቀጣጠሪያ እንደነበር ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። ዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው፤ መግቢያውም ኪስ አይጎዳም ነበር። ዋናው ምስጢር ግን ሌላ ነው፦ ሰው ሁሉ አንበሳ ሲያይ ጥንዶቹን የሚያይ አይኖርም። የሰፈር እናት “ከነእገሌ ልጅ ጋር አየሁሽ” ለማለት መጀመሪያ ጀርባዋን ለአንበሳ መስጠት አለባት።

ልጁ ጀግንነቱን ሊያሳይ ወደ አጥሩ ጠጋ ይላል። አንበሳው ያዛጋል። ድንገት ያገሳ እንደሆነ ግን ቀድሞ የሚያፈገፍገው ጀግናው ነው፤ እሷ ክንዱን ይዛ ትስቃለች። የዚያች አንዲት ግሳት ባለዕዳ የሆነ ትዳር ጥቂት አይሆንም።

መደበቂያ የሌላቸው እንስሶቹ ናቸው። ግቢው በ1948 ሲመሠረት (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) የመጀመሪያዎቹ አንበሶች 5 ወንድና 2 ሴት እንደነበሩ ይነገራል። የኋለኞቹ ከነዚያ የተወለዱ ናቸው። እንግዲህ አንድ ያገር ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ ዘር ይቁጠር ቢባል፣ ሰባት ቤት ቀርቶ ሁለት ቤት ሳይደርስ “ይህስ ጋብቻ አይሆንም፣ እህትህ ናት” ብሎ ይነሳ ነበር። በ2012 የታተመ ጥናት የ15ቱን ዲኤንኤ መርምሮ፣ ጥቁር ጋማቸው እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርደው እነዚህ አንበሶች በዘርም ከሌሎቹ የተለዩ መሆናቸውን አገኘ። አጥኚዎቹም ዘራቸው እንዳይጠፋ እንዲዋለዱ መከሩ። ምክሩ ደግ ነው። ከማን ጋር? ከአክስት ልጅ ጋር!

ለእንስሳ ትዳር ደግሞ ሽማግሌ የማይሆን የለም። ለንደን ቺ ቺ የተባለች ፓንዳዋን በ1966፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መሀል፣ በአውሮፕላን ጭና ሞስኮ ላከቻት። ሙሽራው አን አን ይባላል። አልፈለገችውም። በ1968 እሱ ራሱ ለንደን ድረስ መጣላት፤ አሁንም እምቢ።

የሆንግ ኮንጎቹ ፓንዳዎች ዪንግ ዪንግና ሌ ሌ እንኳ እምቢ አልተባባሉም፤ ነገሩ ብቻ አልሆን አለ። ኦሽን ፓርክ የገቡት በ2007 ነው። ሴት ፓንዳ መፀነስ የምትችለው በዓመት ከ1 እስከ 3 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ጠባቂዎቹ ለ10 ዓመት ያህል ያችን ቀን ሲጠብቁ፣ ጎብኚውም እንደ ሙሽራ ጎረቤት “ዘንድሮስ?” እያለ ሲያፈጥባቸው ኖረ። ከዚያ ኮቪድ መጣና በሩ ተዘጋ። ጎረቤት በጠፋ በሦስተኛው ወር፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2020፣ ጉዳዩ ሆነ። የዚያን ዓመት ልጅ አልመጣም። በኦገስት 2024 ግን ዪንግ ዪንግ 19 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት መንታ ወለደች።

የሮተርዳሙ የእንስሳት ማቆያ ታሪክ ግን ሳቁ መራራ ነው። አንዲት ሴት ቦኪቶ የተባለውን ጎሪላ በሳምንት አራት ቀን ያህል ትጎበኘው ነበር። ዓይን ዓይኑን እያየች ፈገግ ትልለታለች፤ እሱም መልሶ ፈገግ የሚልላት ይመስላታል። ተይ ተብላ ተመክራለች። በጎሪላ ወግ ማፍጠጥ “ና ይዋጣልን” ማለት ነው፤ ጥርስ ማሳየትም የግድ ሳቅ አይደለም። ሜይ 18 ቀን 2007 ቦኪቶ የውሃውን ቦይ ዘሎ ወጣ፤ ሴትየዋን ይዞ ደጋግሞ ነከሳት፣ አጥንቷንም ሰባበረ። ከዚያ ሰው ወደተቀመጠበት ምግብ ቤት ገባ፤ በስተመጨረሻ የተያዘው በማደንዘዣ ነው።

ሴትየዋ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አሁንም እንደምትወደው ተናገረች። ይህ ንግግር በየሰፈሩ ከሚሰማው የሚለየው ስለ ጎሪላ መሆኑ ብቻ ነው።

ኋላ አንድ የመድን ድርጅት ለጎብኚዎች የካርቶን መነጽር አደለ። ፊቱ ላይ ወደ ጎን የሚመለከቱ ዓይኖች ታትመውበታል። ባለመነጽሩ ጎሪላውን ፊት ለፊት እያየው፣ ጎሪላው ግን ሰውየው ሌላ ቦታ የሚያይ ይመስለዋል። ስድስት ኪሎ በር ላይ ቢሸጥ ገበያው ይደራ ነበር፦ አንበሳውን የሚያይ መስሎ እሷን ማየት።