የበቀቀን አመራረጥ

ዘጌ ላይ በቀቀን የሚገዛ የለም። ከጀልባ ወርዶ በቡናው ጥላ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣ ሁሉ ጩኸታቸውን ከዛፍ ላይ በነፃ ይሰማል። ትንሿ አረንጓዴ ክንፏ ጥቁር ነው፤ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ አለው፣ ሴቷ ያለ ምልክት ትኖራለች። ተለቅ ያለው ግንባረ ቢጫ ደግሞ በዱር ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። ሁለቱም ሾላ ይለቅማሉ፣ በግንድ ፍልፍል ያድራሉ። አቡነ በትረ ማርያም ባረኩት በሚባለው በዚህ ምድር በልማዱ ሞፈር አይገባም፣ ከብት አይረባም፤ ዛፉ ስላልተመነጠረ ወፉም የማንንም ደጅ ሳይጠና ያረጃል።

ባሕር ዳር ያለ አንድ ወዳጄ ግን በቅርቡ ትልቅ ወንበር ገዛ። ወንበሩ ሳሎን ከገባ ወዲህ የቤቱ ዝምታ ከበደው። ሚስቱና ልጆቹ ይናገራሉ፤ ግን የራሳቸውን ነው።

ዘጌ አብረን በሄድን ጊዜ ወደ ዛፉ ቀና ብሎ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ጠየቀ፦ «አባ፣ ከነዚህ አንዷን ወስጄ ባለምዳትስ?»

«ምን ቸገረህ ልጄ፤ ብቻ እነዚህ የሚያወሩት እርስ በርሳቸው ነው። አንተን ምን ብለው ያዋሩሃል?»

የዱር እንስሳት አዋጁም ያለ ፈቃድ መያዝን አይወድም። ስለዚህ ፊታችንን አዲስ አበባ ውስጥ በግቢው በቀቀን ወደሚያረባ ሰው አዞርን። ስለ ወፍ ጥቂት አንብቤአለሁና አማካሪ ሆኜ ሄድኩ።

የአርቢው ቤት ንጹሕ ነው። ቆጦቹ አንዱ ካንዱ በላይ በደረጃ ተሠርተዋል፤ የታችኞቹ ወደ ላይ እያዩ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ዐዋቂዎች ግን ቆጥን በቆጥ አናት ላይ መሥራት አይመክሩም፤ ኩስ ምንጊዜም ከላይ ወደ ታች ነው።

የቤት አርቢ የሚመሰገነው ጫጩቱን ከሕፃንነቱ በእጁ አጉርሶ በማሳደጉ ነው። እኔ ያነበብኩት ዳጉሳውን ራሱ ፈልፍሎ መብላት ያልጀመረ ጫጩት እንዳይሸጥም እንዳይገዛም ይመክራል። አርቢው ፈገግ አለ። «ራሱን የቻለ ወፍ እኮ ጋሼ፣ ጥሪን አይሰማም። ያልቻለው ሲርበው ወዴት እንደሚያይ ያውቃል።» ወዳጄ ይህን ወደደው። የሚሸጠው ወፍ ክንፉም ተከርክሟል። ላባ እንደገና ይበቅላልና ክርከማው በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ያም በዋጋው ውስጥ ተካቷል።

ትልቁ ምስጢር ግን ብቸኝነት ነው። ሁለት በቀቀኖች አብረው ከዋሉ የእርስ በርስ ቋንቋቸው ይበቃቸዋል፤ የባለቤቱን ቃል ለመማር ጉጉት ያጣሉ። አንዱ ብቻውን ሲቀር ግን በቤቱ ያገኘውን ሰው ወገኔ ይላል፣ የወገኑንም ድምፅ ያወጣል። በዚህ ወፉን አልወቅሰውም። መንጋ ያጣ ፍጡር መንጋ ቢፈልግ ምን ያስደንቃል? ከመንጋው ለይቶ የወሰደው ሌላ ነው። ስለዚህም አርቢው ጎጆዎቹን በጨርቅ ጋርዷቸዋል፤ ወፎቹ እንዳይተያዩ።

ስለ ቃል ብዛት ስንነጋገር ሁለት ታሪክ አነሳሁ። ፓክ የተባለ የካሊፎርኒያ ትንሽ በቀቀን 1,728 ቃላት በማወቁ ስሙ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። አይሪን ፔፐርበርግ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ከአንድ መደብር የገዛችው ግራጫ በቀቀን፣ አሌክስ፣ ግን ከመቶ እምብዛም አላለፈም፤ ቀለም ይለያል፣ ቅርጽ ይለያል፣ ጥያቄው ሲሰለቸውም «እምቢ» ይላል፣ ወደ ቦታዬ መልሱኝ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሞት ጋዜጦች ዜና ዕረፍቱን አወጡ። ወዳጄ ብዙ አላሰበም። «እምቢ ለሚል ወፍ ቀለብ አልሰፍርም፤ የባለ ሺውን ዘር ስጠኝ» አለ።

ስለ ጤናም አስጠነቀቅሁት። በቀቀን ሕመሙን ይደብቃል፤ ዱር ሳለ መድከሙ የታወቀበት ቀድሞ ይበላልና። ላባውን አሳምሮ «ደህና፣ ደህና» እንዳለ አንድ ጧት ከቆጡ ሥር ይገኛል። አፉን ከማመን በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ማውጣት ይሻላል። ወዳጄ ቤቱ ውስጥ ሚዛን እንደሌለ ነገረኝ። ቡናም ለበቀቀን መርዝ ነው አልኩት፤ የዘጌ ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋው ይሆናል፣ ግን የሚያነቃ ነገር አይስማማውም።

በመጨረሻ አርቢው ከጓዳ አንድ ግራጫ ይዞ መጣ። ከሌላ ቤት የተመለሰ ነው። ግራጫው የአገራችን ወፍ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 መባቻ ጀምሮም ዓለም አቀፍ ንግዱ በጥብቅ ተገድቧል። ከዚያ በፊት የገባ ነው አለን። ወረቀቱን ጠየቅኩ፤ ወፉ «ደህና» አለ።

ግራጫ በቀቀን ሃምሳ ዓመት ሊኖር ይችላል። ወንበር ይህን ያህል አይቆይም፤ ስለዚህ አንዱ ወፍ ብዙ ሳሎን ያያል። ይኸኛው የፊተኛው ጌታው ቤት ምን ሆኖ እንደ ተዘጋ አርቢው አላብራራም፤ እኛም አልጠየቅንም። ወፉ ግን ወዳጄን ትክ ብሎ አይቶ አንገቱን ሦስቴ ነቀነቀና ጥርት ባለ አማርኛ «እርስዎን ያቆይልን!» አለ።

ወዳጄ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር ከነከነው፦ «ይህን የተማረው ለፊተኛው ሰውዬ አይደለም እንዴ?»

አርቢው የጎጆውን መሸፈኛ ጨርቅ እያጣጠፈ መለሰ፦ «አይጨነቁ ጋሼ፣ ስም አላስገባንበትም። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ ማስተማር ድካሙ ብዙ ነው።»

ወዳጄ ዋጋ ሳይከራከር ከፈለ።