የሸገር ደርቢን ክርክር ማበላሸት ለሚፈልግ

የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ጨዋታ ሲቃረብ መርካቶ ለሁለት ይከፈላል። ሚናለሽ ተራ ዕቃ ሊገዛ የገባ ደንበኛ ዋጋ ሳይነገረው በፊት "ጊዮርጊስ ነህ ቡና?" ተብሎ ይጠየቃል። ሲኒማ ራስ አካባቢ ባሉ ሻይ ቤቶች ነጋዴው፣ ደላላውና ተሸካሚው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እኩል ይሟገታሉ። በሌላው ቀን አንዱ አዛዥ ሌላው ታዛዥ ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን የሚደመጠው ኳስ የሚያውቀው ነው። ይህን ክርክር እወደዋለሁ። የእግር ኳሳችን ታሪክ በመጽሐፍ የሰፈረው ጥቂት ነው፤ የቀረው በእነዚህ አግዳሚዎች ላይ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ክርክሩ ሲበላሽ አብሮ የሚጠፋው ይህ ነው። ስለዚህ የሚበላሽባቸውን መንገዶች ሳልሸፋፍን እናገራለሁ፤ ማበላሸት የፈለገ ይከተላቸው፣ ክርክሩን የሚወድ ደግሞ ባያቸው ቁጥር ይቃወማቸው።

ከሁሉ በፊት፣ ወዳጄ፣ ስለ ራስህ ቡድን ምንም አትወቅ። ማሊያውን ልበስ፣ ዜማውን አጥና፣ በዚያው ይብቃህ። ጊዮርጊስ መቼ ተመሠረተ ብሎ የሚጠይቅህ ልጅ ካለ "ድሮ ነው" ብለህ አልፈው። እንዲህ ካደረግህ ልጁ በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ወጣቶች አራዳ ላይ ቡድን ሲያቋቁሙ በሰሜን ከጣሊያን ጋር ጦርነቱ ተጀምሮ እንደነበር ሳይሰማ ያድጋል። ይድነቃቸው ተሰማ በዚያው ማሊያ ተጫውቶ ኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት እንደመራም አያውቅም። የቡና ደጋፊም ከሆንህ መንገዱ ያው ነው፤ ክለቡ በ1968 ዓ.ም. እንደተቋቋመ፣ በዕድሜ የገፉት ደጋፊዎች ለምን ዛሬም "ቡና ገበያ" እያሉ እንደሚጠሩት አትጠይቅ። የማያውቅ ሰው በክርክር መካከል የሚይዘው ነገር ስለሌለው ወደ ጩኸት ይሄዳል፤ አንተም የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

ጩኸቱ ካልበቃ ዋንጫ ቁጠር። የቡናው ደጋፊ ስለ አማካይ መስመር መናገር ሲጀምር "መጀመሪያ ስንት ዋንጫ አላችሁ?" ብለህ አቋርጠው። መልሱ ያንተን ጎን እንደሚደግፍ አንተም እሱም ታውቃላችሁ፤ ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጊዮርጊስን የሚያህል ዋንጫ የሰበሰበ የለም፣ ቡና ደግሞ በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት በ2003 ዓ.ም. ያነሳው አንድ ነው። ግን ይህ ቁጥር ስለ መጪው ደርቢ ምን ይነግረናል? ምንም። ከዚያም በላይ ሊጉ ራሱ ተለውጧል። በ2013 ፋሲል ከነማ፣ በ2014 እና በ2015 ጊዮርጊስ፣ በ2016 ንግድ ባንክ፣ በ2017 መድን ዋንጫውን ወስደዋል። የድሮውን ቁጥር ብቻ የሚደጋግም ደጋፊ፣ የጊዮርጊስም ይሁን የቡና፣ ሌሎች ሲያልፉት ሳያይ ይቀራል። የጊዮርጊስ ወገን ይህን ቢሰማኝ ደስ ይለኛል፤ የትናንት ዋንጫ የዛሬን የተከላካይ ክፍተት አይደፍንም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ደርቢን ደርቢ የሚያደርገው አጨዋወት ላይ የሚደረገው ሙግት ነው፤ ይህን ለማጥፋት ደግሞ አንድ ስድብ ይበቃል። የካሳዬ አራጌን ዘመን አስታውስ። የቀድሞው የቡና ኮከብ አሰልጣኝ ሆኖ ወደ ክለቡ ሲመለስ ኳስ ከበረኛው ተነስቶ፣ በተከላካዮች እግር አልፎ፣ በአማካዮች ተመሥርቶ ወደ ፊት ይሂድ አለ። መርካቶ ያን ጊዜ እንደተከራከረ ከዚያ በኋላ የተከራከረ አይመስለኝም። አንዱ ወገን "በረኛው ከተሳሳተ ጎሉ የተቃራኒው ነው፤ በደርቢ ይህን አደጋ ማን ይገዛል?" ይላል። ሌላው "ኳሱን በረጅሙ ከመታህማ ግማሹን ጊዜ ለጊዮርጊስ ሰጠኸው" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ማስረጃ ነበራቸው። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ ኳስ እየተመሠረተ ሲመጣ አጥቂው ጎል ፊት በተደጋጋሚ ነጻ ይሆናል የሚለው ወገን ይህን ይጠቅሳል። ዋንጫውን ግን ፋሲል ወሰደው፣ ቡና ሁለተኛ ወጣ፤ ሥርዓቱ ውብ ቢሆንም ጫና ሲበዛበት ይሰበራል የሚለውም ይህን ይጠቅሳል።

ከዚህ በኋላ ነው ጥያቄው የሚጣፍጠው። ጊዮርጊስ ከፊት ተጭኖ ቢመጣ የቡና የመስመር ተከላካዮች ወደ ፊት መውጣታቸውን ይቀጥላሉ? ከወጡስ ኳስ ሲነጠቅ ጀርባቸውን ማን ይሸፍናል? የመሀል አማካዩ ወደ ኋላ ወርዶ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል ቢቆም ፊት ያለው ቁጥር አያንስም? ጊዮርጊስስ ተጭኖ ለመጫወት ሁሉም ተጫዋች እኩል ካልሮጠ መሀሉ ባዶ ሆኖ አይቀርም? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ጆንያ ተሸካሚና አንድ ጅምላ ነጋዴ ሲወያዩባቸው ማንም የስልጠና ወረቀት ያለው ሰው ቆሞ ለማድመጥ አያፍርም። ይህን ለማበላሸት "ባርሴሎና መሰላችሁ?" ብለህ ሳቅ። ወይም ካሳዬን ራሱን ስደብ። ሥርዓቱን ትተህ ሰውየውን ስትናገር ጥያቄዎቹ ሁሉ ከጠረጴዛው ላይ ይወርዳሉ፤ የሚቀረው ማን ማንን እንደሰደበ ብቻ ነው።

ማን እንደታገደ ደግሞ አትጠይቅ። ቢጫ ካርድ መቁጠር የስም ጠሪ ሥራ ነው በል። ይህ ንቀት አገራችንን ስንት እንዳስከፈለ ግን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት፣ በዚያ ቀን መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ግን ተሰልፎ ነበር። ፊፋ ውጤቱን ለቦትስዋና 3 ለ 0 አድርጎ ለወጠው፤ ሦስት ነጥብ ከእጃችን ወጣ። ቡድኑ በኋላ ምድቡን በአንደኝነት አልፎ በመጨረሻው ማጣሪያ በናይጄሪያ ቢሸነፍም፣ ያ ሦስት ነጥብ የጠፋበት ሳምንት የነበረው ጭንቀት አይረሳም። ስለዚህ ሻይ ቤት ተቀምጦ "አምስተኛ ቢጫው ነው፣ ቅዳሜ አይጫወትም" የሚል ሽማግሌ ካገኘህ እጁን ሳም። ክርክሩን ማበላሸት የምትፈልግ ከሆነ ግን ሳቅበት።

ሒሳብም ተው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የመልስ ጨዋታ አዲስ አበባ ስትመጣ እኛ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። ድምር ውጤቱ እኩል ሲሆን ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎል እንደሚመዘን የሚያውቅ ሰው 2 ለ 0 ይበቃናል ይል ነበር፤ የማያውቀው ደግሞ ሦስት ካላገባን አበቃልን ብሎ ሰውን ያስጨንቅ ነበር። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አገቡ፣ ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። በዚያው ሕግ ነበር ኢትዮጵያ ቡና በ1990 ዓ.ም. የግብጹን አል አህሊን ከአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ያስወጣው። የቡና ሰው በአንድ ዋንጫ ሲቀለድበት ይህን አንስቶ ቢመልስ ተገቢ ነው፤ የጊዮርጊስ ሰው ደግሞ ቡድኑ በ2009 ዓ.ም. በዚያው ውድድር የምድብ ጨዋታ ላይ የደረሰ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ መሆኑን ያንሳ። በዓመት፣ በውጤትና በሕግ የሚደረግ ክርክር እንዲህ ነው፤ ሁለቱም ተከራካሪዎች ሲነሱ፣ ሲመጡ ከነበራቸው የበለጠ ይዘው ይሄዳሉ።

ወሬውን ወደ አርሰናልና ማንቸስተር ማዞር ቀላሉ ማበላሻ ነው፤ ብዙ አልልበትም። የአውሮፓውን ኳስ እኔም አያለሁ። ግን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቻችን በዲኤስቲቪ ሲተላለፉ ውድድሩ በየከተማው መዞር ያዘ፤ የሸገር ደርቢ ሸገርን ለቆ ሐዋሳና ሌላ ከተማ የሚደረግበት ጊዜ መጣ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ከመርካቶ በእግር የሚደረስ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው በዚሁ ስታዲየም ነው። ከሜዳው የራቀ ደጋፊ የቀረው ቦታ የሻይ ቤቱ አግዳሚ ነበር፤ እሱንም ለለንደን ቡድኖች ሙሉ በሙሉ ካስረከብነው ልጆቻችን የሰፈራቸውን ደርቢ ከየት ይሰሙታል?

የውርርድ ወረቀት በኪስ ይዞ መምጣትም አለ። ያ ሰው ስለ ቡድኑ የሚናገር ቢመስልም የሚናገረው ስለ ገንዘቡ ነው፤ ቡድኑ ቢያሸንፍም በፈለገው ቁጥር ካላሸነፈ ይረግመዋል። ወጣቶቻችን የዕለት ገቢያቸውን እየሰጡ ቡድን መውደድ ምን እንደሆነ ሲረሱ ማየት ያሳዝነኛል።

የመጨረሻውና ከሁሉ የከፋው መንገድ ሰውየው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው። ስሙን ስማ፣ ከየት እንደመጣ ገምት፣ ከዚያ ቡድኑን ከዘሩ ወይም ከሃይማኖቱ ጋር አያይዝ። አንድ ቃል ይበቃል፤ ጠረጴዛው ይገለበጣል፣ ሻይ ቤቱ ይዘጋል፣ ለዓመታት አብረው የነገዱ ሰዎች ሰላምታ ያቆማሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ስለ ሁለቱም ቡድን የሚያውቀው የለም። ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙባት መርካቶ ሁለቱም ክለብ ከሁለቱም ደጃፍ የሚወጡ ደጋፊዎች አሉት። ሳላዲን ሰዒድ የለበሰው የቅዱስ ጊዮርጊስን ማሊያ ነው። በ1954 ዓ.ም. ፍጻሜ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አቻ ያደረገን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ አገባ፣ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ያን ቀን የማን ልጅ ማን ነው ብሎ የጠየቀ ካለ ዋንጫው ሲነሳ አላየም። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም በማለቷ ከውድድሩ ውጪ ሆነች፤ እንዲህ በዘር የተለየ ቡድን አንቀበልም የሚለውን አቋም ከያዙት ሦስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሰውን በትውልዱ ለይቶ ከኳስ ማራቅን በአህጉር ደረጃ የተቃወመ አገር ልጅ በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲፈጽመው ዝም ብላችሁ አትመልከቱ። ተነስታችሁ "በቃ፣ ወደ ኳሱ ተመለስ" በሉት።

የመርካቶ ታላላቆች፣ ጋሼዎቼ፣ ከእናንተ አንድ ነገር እለምናለሁ። ጊዮርጊስና ቡና መገናኘት የጀመሩበትን ዘመን በዓይናችሁ ያያችሁ አሁንም በሱቃችሁ አላችሁ። ማን እንዳገባ፣ ማን በረኛ እንደነበር፣ ዝናብ ይዘንብ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ለሚቀጥለው ደርቢ ልጆቹ ሲሰበሰቡ ይህን በዓመትና በውጤት ንገሯቸው። ልጆቹም፣ እናንተ፣ ደብተር አውጥታችሁ ጻፉት።