ነን ካፌ
በ2017 ዓ.ም. መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ተማሪን የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ አደረገው። እሰየው! መቶ ብር ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት። ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ለሚወርድ ሰው ግን ይኸው ገንዘብ ለአንድ በያይነቱ መብቃቱን ሳያጣሩ መቀመጥ አይመከርም።

ጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ለስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ሰጥተዋል፤ የወጥ ቤቱን ባለሙያ አብረው ማውረሳቸውን ግን የተማሪዎች ካፌው ሽሮ አይመሰክርም። ያም ሆኖ ነፃ ምሳ እንዳይመስላችሁ። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው የበላውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ሽሮው ከተበላ ከዓመታት በኋላ ሒሳብ የሚያመጣ ምግብ ቤት ከዚህ ሌላ አላውቅም።

የካፌው ሰልፍ የመረረው ‹‹ነን ካፌ›› ይሆናል፤ ማለትም የምግቡን ብር በእጁ ተቀብሎ በገዛ ምርጫው ይራባል። ብሩ በገባ ሰሞን ጥብስ ያማርጣል፤ ሳምንት ሲያልፍ ፓስታ በእንጀራ፤ ወሩ ሲጋመስ እርጥብ ላይ ያርፋል፦ ዳቦ ተሰንጥቆ፣ ድንች ተጠቅጥቆበት፣ ዳጣ ጣል ተደርጎበት። ዳጣው ለጣዕም ሳይሆን ውኃ አስጠጥቶ ሆድ ለመሙላት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ገብቶ ከአሮጌ ቤቶቹ ጋር የድሃ ኪስ የሚያውቁ ጓዳዎችንም አነሣ። አሁን መንገዱ ሰፊ፣ መብራቱ ደማቅ ነው። ምሳ ላጣ ሰው ለመንሸራሸር እንዲህ የተመቸ ሰፈር ከየት ይመጣል? ነፋሱም ቢሆን ለጊዜው ቫት አልተጣለበትም።